ከወንጀል ቦታ እስከ ላቦራቶሪ፦ የማስረጃ ዓይነቶችና አያያዛቸው

ሌሊት የተሰበረ አንድ ሱቅ እንውሰድ። የጓሮው መስኮት መስታወት ረግፏል። ክፈፉ ላይ በቀረው ስባሪ ጫፍ የደም ጠብታ ይታያል። ከመስኮቱ ሥር ዝናብ ያራሰው አፈር ላይ የጫማ ዱካ ታትሟል። የገንዘብ መሳቢያው በብረት ተፈልቅቋል። የጎረቤት ካሜራ መንገዱን ይቀርጻል። ዘበኛው ደግሞ «ሦስት ሰዓት ላይ ሞተር ሲነሣ ሰምቻለሁ» ይላል።

እያንዳንዱ ማስረጃ የራሱ ጠላት አለው። ደሙን እርጥበት ያበሰብሰዋል። ዱካውን ዝናብና የተመልካች እግር ያጠፋዋል። ካሜራው ቦታ ሲሞላበት በድሮው ቀረጻ ላይ አዲሱን ይደርባል። የዘበኛው ትዝታ ከጎረቤት ጋር ባወራ ቁጥር ይቀየራል። ስለዚህ የማስረጃን ዓይነት መለየት ማለት ምን እንደሚያበላሸውና ማን ቀድሞ መነሣት እንዳለበት ማወቅ ማለት ነው። ይህ መመሪያ ለጀማሪ መርማሪዎችና ለሕግ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ፖሊስ እስኪደርስ ቦታ ለሚጠብቁ ሰዎች ይጠቅማል።

ፍርድ ቤት ማስረጃን እንዴት ይከፍለዋል

በእኛ አገር የክስ መዝገብ ላይ የሚታየው የተለመደ ክፍፍል ሦስት ነው፦ የሰው ማስረጃ፣ የሰነድ ማስረጃ እና ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የሚቀርብ ዕቃ። የላቦራቶሪ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ጥያቄ ሲነሣበት ባለሙያው ራሱ ችሎት ቀርቦ ያስረዳል።

ሌላው ክፍፍል ቀጥተኛ ማስረጃና የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ የሚባለው ነው። «መስኮቱን ሲሰብር አይቻለሁ» የሚል ምስክር ቀጥተኛ ነው። በስባሪው ላይ የተገኘው ደም የአካባቢ ሁኔታ ነው፤ ሰውየው መስታወቱን በደሙ መንካቱን ያሳያል፣ መቼና ለምን እንደነካው ግን ብቻውን አይናገርም። ብዙ ሰው የአካባቢ ማስረጃን ደካማ አድርጎ ይገምታል። ደሙ፣ ዱካውና የካሜራው ቀረጻ ተያይዘው ወደ አንድ ሰው ብቻ ሲያመለክቱ ግን በጨለማ ከሩቅ ካየ ምስክር የበለጠ ክብደት ሊኖራቸው ይችላል።

የእምነት ቃል ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ሰው ደግሞ ያላደረገውን የሚያምንበት ጊዜ አለ። አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ መለያ ዘዴን አገኘ። ዘዴው በግድያ ምርመራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲውል ቀድሞ ያወጣው ንጹሕ ሰው ነበር። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት ከሁለት ግድያዎች አንዱን ፈጽሜአለሁ ብሎ ቃሉን ከሰጠ በኋላ የዲኤንኤው ምርመራ ነጻ አወጣው። እውነተኛው ገዳይ የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ቦታውን መዝጋት

ኤድሞን ሎካርድ እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመ ሰው ነው። በስሙ የሚጠራው መርሕ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ከሌላው ይወስዳል፣ ለሌላውም ይተዋል ይላል። ይህ ወንጀለኛውን ብቻ አይመለከትም፤ በኋላ የሚገባውን ፖሊስ፣ የሱቁን ባለቤትና አይቶ ለማልቀስ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ይጨምራል።

1. የተጎዳ ሰው ካለ ሕይወት ይቀድማል። አምቡላንስ የገባበትን መንገድ፣ የተነሣውን ወይም የተገፋውን ዕቃ ይመዝግቡ። ልብስ መቀደድ ካስፈለገ ጥይት ወይም ስለት ባለፈበት ቀዳዳ ላይ እንዳይቀደድ የሕክምና ባለሙያውን ያስታውሱ።

2. ሁለት ክልል ያበጁ፦ ውስጠኛው ማስረጃ ያለበት፣ ውጪኛው ሠራተኛና ተሽከርካሪ የሚቆምበት። ክልሉን ከሚመስልዎት አስፍተው ይጀምሩ፤ ማጥበብ ይቻላል፣ የተረገጠን መሬት መመለስ ግን አይቻልም።

3. መግቢያና መውጫ አንድ መንገድ ይሁን። ወንጀለኛው ሳይጠቀምበት እንዳልቀረ በሚታሰበው በር አይግቡ። በእኛ ሱቅ ምሳሌ ፖሊስ በፊት ለፊት በር ይገባል፤ የመስኮቱ ሥር አይረገጥም።

4. የገባ ሁሉ ስሙ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የገባበት ምክንያት ይጻፍ። አለቃም ቢሆን ይጻፋል።

ውስጥ ሲጋራ፣ ምግብ፣ ስልክ መቀባበል፣ የቦታውን ሽንት ቤት ወይም የእጅ መታጠቢያ መጠቀም ክልክል ነው። ሌባ እጁን ታጥቦ ከሄደ ደሙ ከቧንቧው ሥር ሊገኝ ይችላል።

ሳይነካ መመዝገብ

ፎቶ በሦስት ርቀት ይነሣል። መጀመሪያ ቦታው በሙሉ ከአራቱም ማዕዘን፣ ቀጥሎ ማስረጃው ከአጠገቡ ካለ ቋሚ ነገር ጋር፣ በመጨረሻ ቅርብ። ቅርቡ ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዱ እንዳለ፣ ሁለተኛው ማስመሪያ ተደርጎበት። ያለ ማስመሪያ የተነሣው ከሌለ ማስመሪያው ሥር ምን ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣል። የተበላሸ ፎቶ ቢኖርም አይደምስሱት፤ የፎቶ ቁጥሩ ሲዘል ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ንድፉ ላይ እያንዳንዱን ማስረጃ ከሁለት ቋሚ ነጥቦች ለክተው ያስቀምጡ። የግድግዳ ማዕዘንና የበር መቃን ይሆናሉ፤ ወንበርና የቆመ መኪና አይሆኑም፤ ነገ እዚያ አይገኙም።

ፍለጋው እንደ ቦታው ይለያል። ክፍል ውስጥ በዞን ከፋፍሎ፣ ሜዳ ላይ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ጥቃቅን ነገር ሲፈለግ በአንድ አቅጣጫ ሄዶ ተመልሶ በመስቀለኛው መድገም ይሠራል።

ማን ይቅደም

መጀመሪያ የሚጠፋው መጀመሪያ ይነሣል። ሰማይ ካጉረመረመ የጫማው ዱካ ከሁሉ ይቀድማል፤ የዱካውን ቅርጽ የሚቀዳው ጀሶ እስኪዘጋጅ ንጹሕ ገንዳ ወይም ካርቶን ገልብጠው ይሸፍኑት፣ ዙሪያውንም ቦይ ይቅደዱ። ቀጥሎ ፀጉርና ክር፣ ከዚያ ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የጣት አሻራ ይመጣል። ደም ከአሻራ የሚቀድመው የአሻራ ብሩሽ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሰው ሕዋስ ስለሚያሻግር ነው።

ደም፣ ምራቅ፣ ላብ፣ የዘር ፈሳሽ

በብዛት የሚበላሸው ይህ ክፍል ነው። ሁለት ጠላቶች አሉት፦ እርጥበትና የሌላ ሰው ዲኤንኤ።

በስባሪው ላይ ያለውን የደረቀ ጠብታ እንዲህ ያንሡ፦

ማስክ ያድርጉ፤ ሲናገሩ የሚረጨው ምራቅ ብቻ ናሙናውን ሊበክል ይችላል። ጓንት ደርበው ይልበሱ፣ የላዩን ለእያንዳንዱ ዕቃ ይቀይሩ። ጫፉ ጥጥ በሆነ የናሙና እንጨት ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ስቴራይል የተጣራ ውሃ ያድርጉ። ከዚህ ከበዛ ናሙናው ይሳሳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ደሙን በጥጡ ጫፍ ብቻ እያሽከረከሩ ይልቀሙ፤ በሰፊው ከቀቡት ላቦራቶሪው የሚያገኘው ይበተናል። ወዲያው በሁለተኛ ደረቅ እንጨት የቀረውን ይድገሙት። ከዚያ ደም የሌለበትን የአጠገቡን መስታወት በሦስተኛ እንጨት በተመሳሳይ መንገድ ይውሰዱ፤ ይህ መነሻ ናሙና ቀድሞውኑ እዚያ ምን እንደነበር ያሳያል። ስባሪው ትንሽና ሊነሣ የሚችል ከሆነ ግን ራሱን ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስረው መላክ ይሻላል።

እንጨቶቹ ሳይነካኩ ጥላ ውስጥ ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ማስጣትና የፀጉር ማድረቂያ ማስጠጋት ዲኤንኤውን ይጎዳል። ከደረቁ በኋላ እያንዳንዱ በየራሱ ካኪ ፖስታ ይግባ። ፖስታውን በምላስ አርሶ መለጠፍ የራስን ዲኤንኤ ማስረጃው ላይ ማድረግ ነው።

በደም የራሰ ልብስ ፌስታል ውስጥ አይገባም። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ በሙቀት አገር በአጭር ጊዜ ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ወደ ማድረቂያ ክፍል ለማድረስ ብቻ ፌስታል የግድ ካስፈለገ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይሰቀል። ወረቀቱም የረገፈውን ክርና አሸዋ ስለሚይዝ ተጣጥፎ አብሮ ይታሸጋል። ሲታጠፍ ደሙ ንጹሑን ክፍል እንዳይነካ መሐሉ ወረቀት ይግባበት፤ የደሙ አቀማመጥና ቅርጽ ራሱ ማስረጃ ነው። የተጎጂንና የተጠርጣሪን ልብስ አንድ ክፍል፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሰው አያስተናግዳቸው።

በቦታው ላይ የሚደረግ የደም ፍንጭ ምርመራ «ደም ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም። ደም ለመፈለግ የሚረጨው ሉሚኖል የተባለ ኬሚካል ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ለደም ብቻ ሳይሆን ለበረኪናም ነው። በፍንጩ ላይ ቆሞ «ደም ተገኝቷል» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈርስ ስሕተት ነው።

የብክለትን አደጋ ጀርመን በከባድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በሃይልብሮን ከተማ የተገደለች ፖሊስን ጨምሮ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ባሉ ብዙ የወንጀል ቦታዎች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ እየተገኘ ፖሊስ ለዓመታት አሳደዳት። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደታወቀው ዲኤንኤው የናሙና እንጨቶቹን በማምረቻው የነካች የአንዲት ሠራተኛ ነበር። ስቴራይል ማለት ተሐዋሲው ሞቷል ማለት ነው፤ ዲኤንኤ የለበትም ማለት አይደለም። ሲገዙ ከዲኤንኤ የጸዳ ለፎረንሲክ (ለወንጀል ምርመራ) የተዘጋጀ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከየካርቶኑም ያልተነካ አንድ እንጨት ከናሙናው ጋር ይላኩ።

ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው አካሉ ራሱ የማስረጃ ቦታ ነው፤ ስለዚህ የሚነካው ሐኪም ብቻ ነው። ከተቻለ ሳይታጠብ፣ ልብስ ሳይቀይር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ልብስ ከተቀየረ የወለቀው በወረቀት ከረጢት አብሮ ይምጣ። ታጥቤአለሁ ብሎ መቅረት ግን ትልቅ ጉዳት ነው። ናሙና በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፣ አንዳንዱ እስከ አምስት ቀንም ይገኛል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር የበለጠ ይሠራል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሕግ ድጋፉንና የሥነ ልቦና ምክሩን በአንድ ቦታ ይሰጣል።

የጣት አሻራ

ሦስት መልክ አለው። በደም ወይም በቀለም የታተመ በዓይን የሚታይ፤ በሰም፣ በሳሙና ወይም ባልደረቀ ቀለም ላይ የጎደጎደ፤ ከላብና ከቅባት የተሠራ ስውር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፎቶ ይነሣሉ፤ ዱቄት አይነካቸውም።

ለስውሩ ወሳኙ ጥያቄ ዕቃው ፈሳሽ ይመጥጣል ወይስ አይመጥጥም የሚለው ነው። መስታወት፣ ብረትና ቀለም የተቀባ እንጨት አይመጥጡም፤ አሻራው ላያቸው ላይ ይቀመጣል፣ ዱቄት ይሠራባቸዋል። ወረቀትና ካርቶን ይመጥጣሉ፤ ለእነሱ በላቦራቶሪ ከላብ አሚኖ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ወይን ጠጅ ቀለም የሚሰጥ ኒንሃይድሪን አለ። ፌስታልና ፕላስቲክ ዝግ ሳጥን ውስጥ በሱፐር ግሉ ጭስ ይታጠናሉ።

በሱቁ መሳቢያ ላይ ዱቄት ሲጠቀሙ ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ነጭ ይምረጡ። ብሩሹን በትንሽ ዱቄት ነክተው ትርፉን ያራግፉ፤ የጸጉሩ ጫፍ ብቻ ይዳስስ። መስመሮቹ መታየት ሲጀምሩ የብሩሹን አቅጣጫ ከመስመሩ ጋር ያስኪዱ፣ ሲጠሩ ያቁሙ። ጀማሪ የሚያበላሸው አንድ ጊዜ ልድገመው ሲል ነው፤ ዱቄቱ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። ፎቶ ካነሡ በኋላ በማንሻ ፕላስተር ከአንድ ጫፍ ጀምረው አየር ሳያስገቡ ይለጥፉ፣ አንሥተው ካርድ ላይ ያሳርፉ። ካርዱ ላይ ከየት እንደተነሣና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይሣሉ። እርጥብ ዕቃ ዱቄት አይቀበልም፤ በራሱ ይድረቅ።

አሻራ ዕድሜውን አይናገርም። የሱቁ ሠራተኞች ሁሉ ለማጣሪያ አሻራ ይስጡ። የተቆራረጠ አሻራ ላይ ደግሞ እርግጠኝነት ይቀንስ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኦሪገን ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረው። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ካሳየ በኋላ ጠበቃው ተለቀቀ።

የጫማ ዱካ

ከመስኮቱ ሥር ያለውን ዱካ ፎቶ ሲያነሡ ካሜራው በሦስት እግር ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ። ማስመሪያው ከዱካው ወለል ጋር እኩል እንዲሆን አጠገቡ ያለውን አፈር ትንሽ ይፋቁ። ከዚያ ባትሪውን ዝቅ አድርገው ከጎን ያብሩ፤ ብርሃኑ ሲንጋደድ የጫማው ስንጥቅና የተጠረበ ጥርስ ጥላ ይጥላል። ከሦስት ወይም ከአራት አቅጣጫ ይድገሙት።

ለጀሶው የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ጠንካራ ጀሶ ይመረጣል፤ የግንባታው ይሰነጠቃል፣ ሲታጠብም ይፋቃል። ለአንድ ጫማ 900 ግራም ገደማ ጀሶ ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ጠንካራ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያሹት። ውፍረቱ ለመጋገር እንደደረሰ የእንጀራ ሊጥ ይሁን። በቀጥታ ዱካው ላይ አይገልብጡት፤ ከጠርዙ ውጪ ባለው አፈር ላይ ዝቅ አድርገው እያፈሰሱ ራሱ ይግባ። ሳይጠነክር ጀርባው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን በስንጥር ይጻፉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ብርድ ከሆነ ዘግይተው፣ ከሥሩ አፈሩን ቆፍረው ያንሡ። የተጣበቀውን አፈር አያጥቡት፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ይድረቅና ላቦራቶሪው ያጽዳው።

መሣሪያ፣ ቃጠሎ፣ ሰነድ

ሽጉጥ ሲነሣ በአፈሙዙ እርሳስ አይሰካም፤ በውስጡ ያለውን ጭረትና ጥቀርሻ ያበላሻል። ሻካራ በሆነው የእጀታው ክፍል ይያዝ፣ ጥይቱ ይውጣ፣ እያንዳንዱ የነበረበት ቦታ ይመዝገብ። ቀለሃ በብረት መቆንጠጫ አይነሣ፤ አዲስ ጭረት የመምቻ መርፌው ከተወው ጋር ይምታታል። የተኩስ ብናኝ በሕይወት ካለ ሰው እጅ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ ተጠርጣሪው እጁን እንዳይታጠብ፣ እንዳይሻሽ ያድርጉ።

የተቃጠለ ቦታ ላይ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከተጠረጠረ ፍርስራሹ አየር በማያስገባ አዲስ የቆርቆሮ ጣሳ ይግባ፣ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ይሞላ። ላቦራቶሪው የሚመረምረው ከላይ የሚጠራቀመውን ተን ነው፤ ተራ ፌስታል ተኑን ያስወጣዋል።

ሰነድ አይታጠፍ፣ አይበሳ። ፖስታው ላይ የሚጻፈው ሰነዱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በኋላ ከተጻፈ የእስክርቢቶው ግፊት ሰነዱ ላይ ይታተማል።

ስልክ፣ ካሜራና የሰዓት ጉዳይ

ጠፍቶ የተገኘ ስልክ ጠፍቶ ይቆይ። በርቶ የተገኘ አይጥፋ፤ ሲጠፋ መቆለፊያው ይጠብቃል። ኤርፕሌን ሞድ ያድርጉት፣ ወይም ሲግናል የሚያግድ ከረጢት ውስጥ ከፓወር ባንክ ጋር ይክተቱት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። የይለፍ ቃል አይገምቱ፣ ፎቶ አይገላልጡ፤ እያንዳንዱ መክፈት ሰዓት ይቀይራል። ከሃርድ ዲስክ ወይም ከፍላሽ የሚቀዳው መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ ነው፤ የዋናውና የግልባጩ የሃሽ ቁጥር (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር) እኩል መሆኑ ይመዘገባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃም ስለሚደነግግ መርማሪው ሊያነበው ይገባል።

ካሜራው ላይ መጀመሪያ የሚሠራው ሰዓቱን ማመሳከር ነው። የካሜራውን ማያ ከትክክለኛ የስልክ ሰዓት ጎን አድርገው ፎቶ ያንሡ፣ ልዩነቱን ይጻፉ፤ የካሜራውን ሰዓት ግን አያስተካክሉ።

ወደ ዘበኛው እንመለስ። «ሦስት ሰዓት» ሲል የምሽት ሦስት ሰዓት ነው፤ ካሜራው ላይ 21:00 ይሆናል። ካሜራው 03:00 ላይ ሞተር ካሳየ ያ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መርማሪው ሁለቱንም «3 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ ስድስት ሰዓት የተራራቁ ነገሮች አንድ ሆነው ይቀርባሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ 12/01/2017 ተብሎ የተጻፈ በእኛ መስከረም 12 ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024። አውሮፓዊ አድርጎ ያነበበው ግን ጃንዋሪ 2017 ላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ በየመለያው ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይባል፣ ሰዓቱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ» ተብሎ ይጠቀስ።

ማሸግ፣ ርክክብና የላቦራቶሪ ደብዳቤ

በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የኤግዚቢት ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ የተነሣበት ትክክለኛ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ ያነሣው ሰው ስምና ፊርማ ይኑር። ማሸጊያው ሲቀደድ የሚታወቅ ይሁን፤ ፊርማው ግማሹ ማሸጊያው ላይ ግማሹ ከረጢቱ ላይ ያርፋል። ለምርመራ ሲከፈት የድሮው ማሸጊያ ሳይነካ በሌላ ጎን ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ጥቅሉ በማን እጅ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን እንደነበረ በርክክብ ቅጽ ይከተላል። አንድ ሌሊት በመርማሪው ጠረጴዛ መሳቢያ ያደረ ያልተመዘገበ ናሙና ዲኤንኤው ፍጹም ቢሆንም ሊወድቅ ይችላል።

ከተጠርጣሪ ደም መውሰድ የሐኪም ሥራ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 ይህን አስቀምጧል።

ለላቦራቶሪ «ይመርመርልን» ብሎ መላክ ሥራ ያጓትታል። ጥያቄው ይነገር፦ በኤግዚቢት ቁጥር 4 ላይ ያለው ደም ነው ወይ? የሰው ነው ወይ? ከተጠርጣሪው ናሙና ጋር ይስማማል ወይ? ናሙናው ጥቂት ሆኖ ምርመራው ሙሉ በሙሉ የሚጨርሰው ከሆነ ላቦራቶሪው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ ጠበቃም ይወቁት። በቂ ከሆነ ግማሹ ታሽጎ ለዳግም ምርመራ ይቀመጥ።